መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት መሬቱ ይጠየቅ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። ከመሬት በታች አለ በሚባል ሀብት ላይ የሚፈሰው ገንዘብም ብዙ ጊዜ መጨረሻው ይኸው ነው።

ሰሞኑን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ አረፍ ብዬ ሳለሁ፣ አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አንድ ደላላና አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ ይነጋገሩ ነበር። «ጋሼ፣ ዕድሉ እንዳያመልጥዎ» ይላል ደላላው። «ዲቴክተሩ ከዱባይ የመጣ ነው። 10 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ወርቁን ለብቻ፣ ጠገራውን ለብቻ ለይቶ ይነግርዎታል። ጣሊያን ሲወጣ የቀበረው እዚሁ አቃቂ ወንዝ ዳር ነው።» ነጋዴው ቀብድ ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደድ አድርጎ ነበር። ደግነቱ ስልኩ ጠራና ወጣ። ለእሱም ለመሰሎቹም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ይህችን ጻፍኩ።

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። አቃቂ አሮጌ ዕቃ አይገኝበትም ማለት አይቻልም። የጅቡቲው ባቡር አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች የአቃቂን ማረፊያ ሜዳ ደብድበዋል። ነጋዴ፣ ወታደርና ሠራተኛ በተመላለሰበት መሬት ላይ ሳንቲም መውደቁ፣ ቁልፍና ጥይት መቅረቱ አይቀርም። ጥያቄው «አለ ወይ?» ሳይሆን «ያለው ምንድን ነው? ምን ያወጣል? በምን መሣሪያ ይገኛል? ሕጉስ ምን ይላል?» የሚለው ነው።

ስለ ዋጋው

ደላላ ሁሉ የሚምልበት ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርያ ትሬዛ፣ 1780 የሚል ቁጥር ታትሞበታል። ብዙ ሰው ይህንን ሲያይ ከ200 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ብርቅ ነገር ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ብር ቁጥሩ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ሲታተም የኖረ ነው። ጣሊያን ራሷ ኢትዮጵያን ለመውረር በተሰናዳችበት እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ ማተም ጀምራለች። ስለሆነም ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርዎትም።

የሚታመነው ሚዛኑ ነው። አንድ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ይህም 23.4 ግራም፣ ወይም የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ማለት ነው። እንግዲህ አሥር ጠገራ ቢያገኙ 234 ግራም ብር አገኙ ማለት ነው። ይህንን በዕለቱ የብር ዋጋ ያባዙና ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ያስተያዩት። የቁፋሮውን ድካም፣ የትራንስፖርቱንና የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ አይርሱ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ከታወጁት ሳንቲሞች መካከል ደግሞ ከብር የተሠራው የ50 ሳንቲሙ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የመዳብ ዘር ናቸው። መሬት ውስጥ የሚገኙትም በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው።

ስለ መሬቱ

ወደ መሣሪያው ስንመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አፈሩ ነው። የአቃቂ ሜዳ ኮቲቻ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ያብጣል። ሳንቲም ስንጥቅ ውስጥ ከወደቀ አፈሩ ሲያብጥ ዋጥ አድርጎት ይቀራል። ለአንድ ሳንቲም ጥሩ የሚባለው መሣሪያ እንኳ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 10 ሜትር የሚለው ወሬ የሻይ ቤት ወሬ ነው።

ሁለተኛው ችግር ብረቱ ነው። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ፣ የጋራዥና የብረታ ብረት ሠፈር ነው። መሬቱ በምስማር፣ በሽቦ፣ በቆርቆሮ ቁራጭና በቆርኪ የተሞላ ነው። መሣሪያው የሚሠራው በጥቅል ሽቦው መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ልኮ፣ ብረቱ የሚመልሰውን ምላሽ በማንበብ ነው። ከምላሹ አንጻር ትንሽ ምስማር ከብር ሳንቲም ይለያል። ሰፊ የዛገ ቆርቆሮና የጠርሙስ ቆርኪ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጥሩ ሳንቲም ይጮኻሉ።

እዚህ ላይ ነው ገዢው የሚሳሳተው። በሻኪሶና በቤኒሻንጉል ወርቅ ፈላጊዎች ዘንድ ስም ያተረፉት ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉት መሣሪያዎች ማዕድን የበዛበትን አፈር አልፈው በጥልቀት ያያሉ። ነገር ግን ተራ ብረትን ከሌላው የመለየት አቅማቸው ደካማ ነው። በወርቅ ቦታ ይህ ብዙ አይጎዳም። አቃቂ ላይ ግን ሲቆፍሩ ውለው ማታ አንድ ጣሳ ምስማር ይዘው ይገባሉ። ውድ ስለሆነ ይሻላል ማለት አይደለም።

ለሳንቲምና ለአሮጌ ዕቃ የሚስማማው ቪ ኤል ኤፍ የሚባለው ዓይነት ነው። ከእነዚህም በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ የሚሠራው ይመረጣል። የአሜሪካው ጋሬት ኤስ 250 በ6.5 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ይሠራል። ለጀማሪ ቀላል ነው። ሆኖም ከአፈሩ ጋር የሚያጣጥመው ማስተካከያ ፋብሪካው እንደሞላው የተተወ ስለሆነ እሳተ ገሞራ የወለደው የኛ ድንጋይና አፈር ያስቸግረዋል። የቱርኩ ኖክታ ሲምፕሌክስ በ12 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ የአፈር ማስተካከያም አለው። የአውስትራሊያው ማይንላብ ኢኩዊኖክስ ባለ ብዙ ድግግሞሽ ነው። በ45 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው የዚያው ኩባንያ ጎልድ ሞንስተር ግን ለደቃቅ ወርቅ የተሠራ ነው፤ ለሳንቲም ብለው አይግዙት።

ጥቅል ሽቦውንም ይዩ። ሰፊው ጠለቅ ይላል፤ ብረት በበዛበት ቦታ ግን ሳንቲሙንና ምስማሩን አንድ ላይ ስለሚያይ ግራ ይጋባል። ለአቃቂ ትንሹ ይሻላል። ከመክፈልዎ በፊትም ሻጩን መስክ ያውጡት። አንድ ጠገራ በ10፣ በ20 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩና ከጎኑ ምስማርና ቆርኪ ጣሉበት። መሣሪያውን ራስዎ ይያዙት እንጂ ሻጩ አይያዝልዎ። ይህን ፈተና የሚሸሽ ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው።

ማይንላብ ስሙን የሚነግዱበት አስመሳይ ዕቃዎች እንዳሉ በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጭራሽ የማይሠራው ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ማኮርሚክ አንቴና የተተከለበት ባዶ ዕቃ ፈንጂ ያገኛል እያለ ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች በሚሊዮን በሚቆጠር ፓውንድ ሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። መንግሥታት የተታለሉበት ነገር የኛን ነጋዴ አያታልልም ማለት አይቻልም። «ከሩቅ ያሸታል፣ አንቴናው ወደ ወርቁ ይዞራል» ከተባሉ ገንዘብዎን ይዘው ይነሱ።

ስለ ሕጉ

ከሁሉም በላይ ግን ሕጉ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል። በግንባታ ወይም በመሰል ሥራ ላይ ሳለ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከብ ድረስ ሳይነካ መጠበቅ አለበት። ለሚያስረክብ ሰው ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጠውና ወጪው እንደሚተካለት አዋጁ ይናገራል። የወርቅ ፍለጋም የራሱ ፈቃድ አለው። ስለሆነም «መጀመሪያ ላግኝ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ» ማለት ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ሌላም አለ፦ ጦርነት ባለፈበት መሬት ውስጥ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። መሣሪያው ቦምብን ከሌላ ብረት አይለይም። ቅርጹ የጥይት ወይም የቦምብ ከመሰለ አይነካ፤ ለፖሊስ ይነገር።

እዚህ ላይ ለመንግሥትም የምለው አለኝ። ሽልማቱ በአዋጅ ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። መሠረት ሲቆፍር እንስራ ሙሉ አሮጌ ብር ያገኘ የቀን ሠራተኛ የት እንደሚሄድ፣ ስንት እንደሚሰጠው፣ በስንት ቀን እንደሚከፈለው ካላወቀ ወደሚያውቀው ይሄዳል። የሚያውቀው ብር አንጥረኛውን ነው። አንጥረኛው በግራም ይገዛዋል፤ ያቀልጠዋል፤ ቀለበትና መስቀል ያደርገዋል። ያ ገንዘብ ጠገራ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ከሆነ ግን ከታሪካችን አንድ ገጽ እሳት ውስጥ ገባ ማለት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የተገኘው ሀብት በባለሙያ ይገመታል። ሙዚየም ከወሰደው ዋጋው ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በስታፎርድሻየር በዲቴክተር የተገኘው የወርቅ ክምችት 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ ለሁለቱ ተከፍሏል። ወርቁም ሳይቀልጥ ሙዚየም ገባ። የኛም ባለሥልጣን የሽልማቱን ልክና የሚከፈልበትን ቀን ቆርጦ ቢያሳውቅ፣ አንጥረኛውን በዋጋ ሊወዳደረው ይችላል።

ገንዘቡን በመሣሪያ ላይ ሊያውል የቆረጠ ነጋዴም ሕጋዊ ሥራ አያጣም። የዱቄት ፋብሪካ ከምርቱ ውስጥ የብረት ስብርባሪ፣ የልብስ ፋብሪካ ከስፌቱ ውስጥ የቀረ መርፌ የሚለይለት መሣሪያ ይፈልጋል። ግንበኛው ከመቆፈሩ በፊት የተቀበረ ቧንቧ ማወቅ ይሻል። አቃቂ ላይ ዲቴክተሩ ዘወትር የሚጮኽለት ቁርጥራጭ ብረት እንኳ ገዢ አለው፤ ቆራሌው ይመሰክራል።

የቆርቆሮ ነጋዴው ስልኩን አነጋግሮ ሲመለስ ደላላው ሌላ ሰው ይዞ ነበር። ነጋዴው ሻዩን ጠጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ቀብዱ ኪሱ ውስጥ ነው።