በአንባቢ ቁጥር የሚቆረጥ ገጽ

እንደ አማርኛ ውክፔዲያ ያለ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍ የማጣቀሻ ሥራ ሲጠራቀም «እናጽዳው» የሚል ሰው መነሣቱ አይቀርም። ማጽዳቱ ክፋት የለውም፤ የከፋው መስፈርቱ ነው። አንባቢ ያጣ፣ ያጠረ፣ ለዓመታት ያልተነካ ገጽ ይውጣ ይባላል። ለዜና ይህ ይሠራ ይሆናል፤ ለማጣቀሻ ፈጽሞ አይሠራም። ማጣቀሻ የሚጻፈው ለሚፈለግበት ቀን ነው፣ ቀኑ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

አፋርን እንይ። ሃይሊ ጉቢ የሚባለውን ተራራ ከአካባቢው ሰውና ከጥቂት የሥነ ምድር ባለሙያዎች በስተቀር ማን ያውቀው ነበር? መቼ እንደፈነዳ የሚናገር መዝገብ እንኳ አልነበረውም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈነዳ፤ አመዱ የአፍዴራን መንደሮች ሸፍኖ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ። በአንባቢ ቁጥር ብንፈርድ ኖሮ ከዚያ ሳምንት በፊት መጀመሪያ የሚቆረጠው የዚህ ተራራ ገጽ ነበር።

አዋሽ ፈንታሌም እንዲሁ ነው። በመስከረም 2017 የጀመረው መንቀጥቀጥ ለወራት ሲቀጥል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው ሁሉ «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ ሆኖ ያውቃል። ከሰመራ ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ በመጋቢት 1961 በርዕደ መሬት ፈርሳለች። በ1998 መስከረም ዳባሁ ተራራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተሰነጠቀ። ይህን ዓይነት ታሪክ የምናውቀው ማንም ያልጠየቀውን የሚሰበስብ ሰው ስለነበረ ነው፤ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዌን የጥንቱን ርዕደ መሬት ከየዜና መዋዕሉ ሳይቀር ለቅመው በ1979 እ.ኤ.አ. አሳተሙት።

«እንቀላቅላቸው» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዋሽ ሰባት ኪሎና አዋሽ አርባ ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ቦታውን የማያውቅ ሰው አንድ ገጽ ሊያደርጋቸው ይችላል። ሎግያም ከሰመራ ጋር ስለተጎራበተች ብቻ ገጿ ሰመራ ውስጥ ከገባ፣ ሰመራ አሳይታን ተክታ የክልሉ ዋና ከተማ ለመሆን ከመቆርቆሯ በፊት በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሎግያ ትጠፋለች። በአንጻሩ «አዋሽ ከተማ» እና «አዋሽ ሰባት ኪሎ» ተብለው ሁለት ገጾች ቢኖሩ፣ አንዱ አንባቢውን ወደ ሌላው እንዲመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ግን ቁጥር አይደለም፣ ሰው ነው።

«ጊዜው አልፎበታል» የሚለውም ክስ አያሳምንም። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የባቡር ሐዲድ በ2016 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል። ታዲያ የአሮጌውን ገጽ ልናጠፋ ነው? አዋሽን ከተማ ያደረጋት እኮ ያ ባቡር ነው! ገጹ ላይ ዘመኑን መጻፍ ይበቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የአፋርኛ ውክፔዲያ ነው። ጽሑፉ ጥቂት፣ ጸሐፊው ጥቂት ተብሎ ተዘጋ። የሚሠራበት ሰው ጥቂት ቢሆንም የሚፈልገው ሕዝብ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ትንሽ መሆን ሊያስቀጣ አይገባም ነበር።

መቆረጥ ያለበት ሌላ ነው፦ ማሽን ተርጉሞት ማንም ያላረመው ገጽ፣ ሐሰት የያዘ ገጽ፣ ሌላውን ቃል በቃል የደገመ ገጽ። እነዚህን ያለ ርኅራኄ እናውጣ። የተሰረዘ ገጽ ግን የአርትዖት ታሪኩ ጭምር ከአንባቢ ዓይን ይሰወራል፣ ከአስተዳዳሪ በቀር የሚያየው የለም፤ ስለዚህ ለመሰረዝ አንቸኩል።

የምታርሙ ሰዎች፣ ይልቁንም በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፦ ስለ አፋር የተጻፈ አጭር ገጽ ስታገኙ ከመሰረዛችሁ በፊት ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠይቁ፣ የሰማችሁትንም ከነምንጩ ጨምሩበት።