የቀርከሃ ሦስተኛ ዓመት

እንጅባራ፣ አያቴ ጓሮ ቀርከሃ ቁረጥ ተብዬ የገባሁ ጊዜ፣ ለምለሙንና ቀጥ ያለውን መርጬ ገጀራዬን ሳነሳ እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ እሱ ገና ለጋ ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይጨርሰዋል» አሉኝ። የመረጡልኝ እኔ አርጅቷል ብዬ ያለፍኩትን፣ ሽበት የመሰለ ነገር የለበሰውን ነበር።

ቀርከሃ ቁመቱን የሚጨርሰው በበቀለ በጥቂት ወራት ነው። ከዚያ ወዲያ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ የሚቀረው መጠንከር ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ለሥራ ይደርሳል። ቢቆረጥም ሥሩ አይሞትም፤ ክረምት ሲገባ ሌላ ያበቅላል። ማረስ የለ፣ እንደገና መትከል የለ፤ አፈሩም እንደታቀፈ ይኖራል።

ዛፍ አትቁረጡ እየተባልን ስላደግን፣ ቀርከሃንም ሳይነኩ መተው ደግ ሥራ ይመስለናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከደረቀ ቀርከሃ ክብደት ግማሽ ያህሉ ከአየር የተወሰደ ካርቦን ነው። ያረጀው እንደቆመ ከበሰበሰ ያ ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል፤ ከነደደማ በዚያው ቀን። ያኔ ከአያቴ ጋር የቆረጥነው የእናቴ ቤት መደርደሪያ ሆኗል። አያቴ ካረፉ ዘመን ቢያልፍም፣ ዛሬም ድስት ተሸክሞ ቆሟል። ከአየር የወሰደውን አልመለሰም።

እንግሊዝ ሀገርም ገበሬዎች ሚስካንተስ የሚባል ረጅም ሣር ይተክላሉ። አንዴ ከተተከለ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይታጨዳል። የሚታጨደው ቅጠሉ ረግፎ፣ ምግቡን ወደ ሥሩ ከመለሰ በኋላ ስለሆነ ማዳበሪያ ብዙም አይፈልግም። ተስፋቸው ሣሩን በኃይል ማመንጫ አንድደው፣ ጭሱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ከመሬት በታች መቅበር ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ነው። የእኛ መንገድ በእጅ ባለሙያ በኩል ያልፋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮናል። እኔም ተክያለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ቆጠራችን ግን መትከሉ ላይ ቆመ፤ ተቆርጦ ለሥራ የሚውለውን አንቆጥርም። ከአንድ ሚሊዮን ሔክታር በላይ ቀርከሃ አላት በምትባል ሀገር፣ ቀርከሃ ሠሪው ዛሬም መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ገዥ ይጠብቃል። ቀርከሃውን በቦራክስ ውሃ ዘፍዝፎ ከነቀዝ የሚያድንበት ገንዳ ይሠራለት። ትምህርት ቤቶችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ወንበርና መደርደሪያ ሲገዙ መጀመሪያ ወደ እሱ ይሂዱ። ገበሬው ሦስት ዓመት የሚታገሠው ገዥ እንዳለ ሲያውቅ ነው። ካለዚያ ለጋውን በርካሽ ይሸጠዋል፣ አልያም ነቅሎ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክልበታል።