ሌዘር በብረታ ብረት ሥራ ላይ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓመተ ምሕረት ቴዎዶር ሜይማን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሩቢ ከሚሉት ቀይ ዕንቍ የመጀመሪያውን የሌዘር ብርሃን አወጣ። በ1965 ሽቦ የሚሳብበት አልማዝ በዚሁ ብርሃን ይበሳ ጀመር፤ ዛሬም ለአይሮፕላን ተርባይን የማቀዝቀዣ አየር የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በእርሱ ይበሳሉ።

ሰው ሁሉ የሚያደንቀው መብሳቱን ነው፤ ለመንግሥታት ግን የሚበልጠው ጉዳይ የማጣበቁ ሥራ ነው። አሉሚኒየም በሙጫ ከመያያዙ በፊት ገጹ ሊጠራ ይገባዋል፤ ለዚህም ብዙ ዘመን ያገለገለው የክሮም አሲድ ለሠራተኛው የሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣ መርዝ ስለ ሆነ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ከልክሏል። ሌዘር ግን ያለ አሲድ ቅባቱንና ደካማውን ቅርፊት አትንኖ፣ ሙጫው የሚይዝበትን ሻካራ ገጽ ያበጃል።

ይሁን እንጂ የሙጫ መላቀቅ በዓይን አይታይም። በ1988 በሃዋይ ሰማይ የአንድ ቦይንግ 737 ጣሪያ ተገንጥሎ አንዲት አስተናጋጅ ሞተች፤ መርማሪዎችም የቆርቆሮው መጋጠሚያ ሙጫ መላቀቁንና ብረቱ መሰንጠቁን፣ ይህም በጥገና ጊዜ ሳይታወቅ መቅረቱን ገለጹ። ስለዚህ አሲዱን ለማስወገድ ሲባል የአዲሱ ዘዴ ምርመራ ሊያጥር አይገባም፤ ፈቃድ ሰጪዎች ሹማምንት የተጣበቀውን ናሙና በሙቀትና በእርጥበት አቆይተው እስኪላቀቅ ሳያስጎትቱ ማኅተማቸውን ባያሳርፉ ይሻላል።