ደመወዝ የሌለው ሹመት፤ ለሰበካ ጉባኤና ለማኅበር ሽማግሌዎች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለእኩዮቼ ነው፤ በሰበካ ጉባኤ ለተቀመጣችሁ፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ሙሴ ለሆናችሁ፣ የሕንፃ ኮሚቴ ገንዘብ ለምትይዙ፣ በንግሥ ቀን ዐውደ ምሕረት ላይ ቆማችሁ ለምትለምኑ። ወጣቶቹን ስንመክር ኖረናል፤ እነርሱን መምከርም ይቀናናል። ዛሬ ግን አደጋው ያለው እኛው ዘንድ ነውና እርስ በርሳችን እንነጋገር።

አደጋው ይህ ነው፤ በነጻ ማገልገላችን ከመጠየቅ የሚያድነን መስሎናል። «እኔ አንድ ሳንቲም ሳይከፈለኝ፣ ጊዜዬን ሰውቼ፣ ነዳጁን ከኪሴ ችዬ የማገለግል ሰው ነኝ» የሚለው ንግግር በመካከላችን በዝቷል። ደረሰኝ ሲጠየቅ ይነገራል። ምርጫ ይደረግ ሲባል ይነገራል። አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ሲልማ በቁጣ ይነገራል። ወገኖቼ፣ ደመወዝ አለመቀበል ዋጋ አለመቀበል ማለት አይደለም። በብር ያልተከፈለን በወንበር፣ በስምና ባለመጠየቅ እየተከፈለን ነው። ሦስቱንም የሚከፍለው ምእመኑ ነው።

ይህ ቃል ለሌባ አይደለም። ለሌባ ሕግ አለለት። እኔ የምናገረው እጁ ንጹሕ ስለሆነው፣ ንጽሕናውን ግን ማንም እንዳይመረምርበት ስለሚሻው ሽማግሌ ነው። አብዛኞቻችን እንዲህ ነን፤ ቤተ ክርስቲያንን ይበልጥ የሚጎዳትም ይህ ነው። ሌባ ሲያዝ ይወጣል፤ እኛ ግን አንወጣም።

ከወንበሩ እንጀምር። ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤ አባል የሚያገለግልበትን ዘመን በሦስት ዓመት ወስኖታል። ካህናቱ፣ ምእመናኑና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶቹም በአንድ ጉባኤ እንዲቀመጡ አዟል። ይህ ሥርዓት ከየት እንደመጣ አንዘንጋ። በ1965 ዓ.ም.፣ አቡነ ቴዎፍሎስ በመንበረ ፕትርክናው ሳሉ ቃለ ዓዋዲው ሲወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ገና ባለ ርስት ነበረች። ካህኑ የሰሞን መሬት ነበረው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና የትርፍ ቤቶች አዋጅ ተከተለ። ስንት ዘመን ያደረ ርስት በወራት ውስጥ ከእጇ ወጣ። እኚያ ፓትርያርክም በ1968 ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ተገደሉ። የተከሉት ሰበካ ጉባኤ ግን ቆመ። ከዚያ ወዲህ ቄሱ የሚቀለበው፣ ዕጣኑ የሚገዛው፣ ጣራው የሚጠገነው በአብዛኛው ከምእመኑ ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ርስቷ የምእመኑ አመኔታ ነው። መሬቷን የወሰደው ደርግ ነበር፤ አመኔታውን ካጠፋን ግን የወሰድነው እኛ እንባላለን።

ሦስት ዓመት ተብሎ የተገባበት ወንበር ግን በብዙ ደብር የዕድሜ ልክ ሆኗል። ጉባኤው ሰው በማይመጣበት ቀን ይጠራል፤ ስሞቹ አስቀድመው ተጽፈው ይመጣሉ፤ «ልምድ ያላቸው ይቀጥሉ» ይባላል፤ እልል ይባላል፤ ያበቃል። ልምዱን እንዳያገኝ ያደረግነውን ሰው ልምድ የለህም እንለዋለን። በጥምቀት ለታቦቱ ምንጣፍ እየጠቀለሉና እየዘረጉ ላባቸው እስኪንጠባጠብ የሚሮጡትን ልጆች ተመልከቷቸው። ከእነርሱ መካከል በሙያው የሒሳብ ባለሙያ የሆነ አለ፤ መሐንዲስ አለ፤ የሕግ ምሩቅ አለ። ምንጣፉን አደራ ሰጥተናቸዋል፤ መዝገቡን ግን አናሳያቸውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የቤተ መንግሥት ተረት ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የገባው በገንዘብ በኩል ብቻ አይደለም። ሲሻር የሚቆጨው ሁሉ፣ አንዲት ሳንቲም ባይነካም፣ ሲሾም በልቷል።

ሁለተኛው ዋጋችን ስም ነው። በየንግሡ ቃል ማስገባት ልማድ ሆኗል። የሰጪው ስምና የገንዘቡ መጠን በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ብዙ ለሰጠው ይጨበጨባል፤ ወንበር ከፊት ይሰጠዋል፤ አንዳንዴም ካባ ይደረብለታል። ጥቂት የያዘችው እናት ማንም ሳያያት ከሙዳየ ምጽዋቱ ጨምራ ትሄዳለች። እኛም ስለ መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ደጋግመን እንሰብካለን። ግን ከየት ላይ ጀምረን ነው የምንሰብከው? በማርቆስም በሉቃስም ወንጌል ከመበለቲቱ ታሪክ በፊት ሌላ ቃል አለ። ጌታ በዚያ የሚያስጠነቅቀው ረጅም ልብስ ለብሰው መዞር ከሚወዱ፣ በገበያ እጅ መነሣትን፣ በምኩራብና በግብዣ የከበሬታ ወንበርን ከሚሹ፣ የመበለቶችን ቤት ከሚበሉ ሰዎች ነው። ይህን ከተናገረ በኋላ ነው መዝገቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጥሉትን ያየው። እኛ የፊተኛውን ዘለን ከኋለኛው እንጀምራለን። የፊተኛው ስለ እኛ ነውና።

የዛሬይቱን መበለት ታውቋታላችሁ። በቤይሩት ወይም በዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ከደመወዟ ቀንሳ ለተወለደችበት ደብር ጉልላት ወይም ደወል የምትልክ ልጅ ናት። እረፍት ይኑራት አይኑራት አናውቅም፤ የላከችውን ግን እናውቃለን። ስለዚያ ገንዘብ አንድ ወረቀት ጽፈን ልከንላት እናውቃለን? ደወሉ ተገዝቶ ተሰቅሏል ብለን ነግረናታል? እርሷ ስሟ እንዲነገርላት አልጠየቀችም። የላከችው ከቦታው መድረሱን ማወቅ ግን መብቷ ነው።

ሦስተኛው ዋጋ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አለመጠየቅ። «እኛን ካላመናችሁ ማንን ልታምኑ ነው?» እንላለን። ሐዋርያው ጳውሎስ እንዲህ አላለም። ለኢየሩሳሌም ድሆች ከአብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ሲያሰባስብ ብቻውን አልያዘውም። አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው የመረጡት ወንድም ከቲቶ ጋር እንዲሄድ አደረገ፤ ምክንያቱንም ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈላቸው፤ በዚህ ብዙ ስጦታ ማንም ነቀፌታ እንዳያገኝበት ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን ያስባልና። ለወንጌል ሲል በሥጋው ስንት መከራ የተቀበለው ሰው ታማኝነቱ በዓይን እንዲታይ ፈለገ። እኛ ከጳውሎስ የበለጠ ታማኞች ነን? የጌታ የገንዘብ ከረጢት ያዥም ደመወዝ ያልነበረው አገልጋይ እንደነበር አስቡ። ሽቱው ሲፈስስ ስለ ድሆች የተቆረቆረው እርሱ ነው። ዮሐንስ ግን ስለ ድሆች ገድዶት እንዳልሆነ ጽፎለታል።

ይህ ሁሉ ማንን ይጎዳል? በመጀመሪያ በደጁ የተቀመጡትን። የጽዋ ማኅበር በየወሩ፣ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም ሲዘከር የዝክሩ ትርጉም ነዳያን መብላታቸው ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት ዝክሩ የአባላቱ ግብዣ ሆኗል። ደጋሹ ከባለፈው ደጋሽ ላለማነስ ይበደራል። ድሃው ትራፊ ይጠብቃል። በሐዋርያት ዘመን ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት በዕለቱ ማዕድ የተዘነጉ መበለቶች ስለነበሩ ነው። ማጉረምረም ተሰማ፤ ሐዋርያቱም አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ጉባኤ ጠርተው ሰው አስመረጡ። ከእነዚያ ማዕድ አዳዮች አንዱ እስጢፋኖስ የመጀመሪያው ሰማዕት ሆነ። ማዕድ ማደል እዚህ ድረስ የሚያደርስ አገልግሎት ነው። እኛ ግን ለሴቶች ትተነዋል። ሌሊት ተነሥተው ለሰንበቴው እንጀራ የሚጋግሩት፣ ግቢውን የሚጠርጉት፣ የታመመ የሚጠይቁት እናቶች ናቸው። ስማቸው ግን በሪፖርት ላይ የለም፤ በስብሰባው ላይም ሲያስተናግዱ እንጂ ተቀምጠው አይታዩም።

ሁለተኛ የሚጎዳው የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማ ውስጥ እብነ በረድ በእብነ በረድ ላይ ስንደርብ፣ ያልቆሸሸ ምንጣፍ ስንቀይር፣ በገጠር ዕጣንና ዘቢብ አጥቶ፣ ቀዳሽ አጥቶ የሚዘጋ ደብር አለ። ቄሱ ልጆቹን ለማብላት ቀን ሲያርስ ውሎ ሌሊት ይቀድሳል፤ ሲብስበት ጥሎ ይሰደዳል። የቆሎ ተማሪው ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስ በድሃው ሰውነት ተርቦ ደጅ ላይ እያለ መንበሩን በወርቅ ጽዋ ማስጌጥ ምን ይጠቅማል ብሎ ጠይቋል። አፈወርቅን እናከብራለን፤ በስሙም እንሰይማለን። ጥያቄውን ግን አልመለስንለትም።

በውጭ አገር ያላችሁ እኩዮቼም ከዚህ ነጻ አይደላችሁም። በአሜሪካ ብዙ አጥቢያዎቻችን በአገሩ ሕግ ተመዝግበው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ በቦርድ ይተዳደራሉ። በቅን ሲሠራበት መልካም ነው። ነገር ግን ወንበር ያልለቀቀ ሽማግሌና ሒሳብ ያልቀረበለት ምእመን ሲጋጩ ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰባቸው አጥቢያዎች አሉ። ሌሊት ታክሲ ነድቶ፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ ለሕንፃ የሰጠ ሰው ገንዘቡ ለጠበቃ ሲከፈል ያያል። ልጆቹ ያንን ጠብ እያዩ ያድጋሉ፤ ካደጉ በኋላም አይመለሱም። «የዚህ አገር ልጆች ሃይማኖት አይወዱም» እያልን አንጽናና። ጠቡን ያዩት እኛ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አዲስ ነገር አልጠይቃችሁም። ያለውን ሥርዓት እንፈጽም። ዘመናችን ሲሞላ እንውረድ፤ ስንወርድም መዝገቡን፣ ቁልፉንና ማኅተሙን በርክክብ ሰነድ እናስረክብ፤ ከወረድንም በኋላ ከጀርባ ሆነን አንዘዝ። ሙዳየ ምጽዋት ሲቆጠር ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ይሁኑ፤ ከቆጣሪዎቹም መካከል ወጣትና ሴት ይኑሩበት። ሒሳቡን ከእኛ ወገን ያልሆነ ኦዲተር ይመርምረው፤ ውጤቱም ቤት ለቤት በሹክሹክታ ሳይሆን በዐውደ ምሕረት ይነበብ፤ ቁጥር የማታውቅ እናት እንኳ ከገባው ምን እንደወጣ፣ ከወጣው ምን እንደተሠራ እንድትረዳ ሆኖ ይነበብ። የሰጪ ስም በድምፅ ማጉያ መጥራት ይቅር፤ ደረሰኝ ይበቃዋል። በዝክር ቀን ነዳያን ከእኛ በፊት ይብሉ። እያንዳንዱ የከተማ ደብር አንድ የገጠር ደብር ይያዝ፤ ከዕጣኑና ከጧፉ አልፎ የቄሱን ቀለብ ይቻል። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ በወይራና በወይን ቅጠል እግራችንን ሲያጥብልን ከፊት እንሰለፋለን፤ በቀሪው ዓመት እኛ ደግሞ የማንን እግር እንደምናጥብ እንወስን።

«እኛ ከወጣን ቤቱ ይፈርሳል» የሚል ሰው ይኖራል። ያለ እርሱ የሚፈርስ ቤት ከሠራ፣ ያ ሰው ያገለገለው ቤተ ክርስቲያንን ሳይሆን ራሱን ነው። ርስቷን አጥታ፣ ፓትርያርኳ ተገድለውባት የቆመች ቤት በእኛ መውረድ አትወድቅም። የምትወድቀው ምእመኑ መስጠት ሲያቆም፣ ወጣቱ መምጣት ሲያቆም፣ ድሃው ደጇን ተስፋ ሲቆርጥ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የቀረን ዕድሜ አጭር ነው። ሌላው ሳይመረምረን መዝገባችንን ራሳችን እንክፈት፤ ሳንገፋ እንውረድ። በሰው ፊት ሒሳብ ማቅረብ የከበደው ሽማግሌ በእግዚአብሔር ፊት እንዴት እንደሚቆም ያስብበት። የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ ስማችሁን ከዝርዝሩ አውጡና ቁልፉን ለተተኪው በእጃችሁ ስጡት።