18 ዓመት የሞላው ዕለት

በሕጻናት ማሳደጊያ ያደገ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው በሕግ ፊት አዋቂ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ያለ ወላጅና አሳዳጊ ለቀሩ ሕጻናት፣ አቅም በፈቀደ መጠን እርዳታ እንዲደረግላቸው ያዛል። ሕጻንነቱ ባበቃ ማግስት ልጁን ማን እንደሚረከበው ግን በውል አልተያዘም። ጎዳና ከሚያድሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ ክፍተት የወደቁ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

አንድ የማውቀው ወጣት ከማሳደጊያ ሲወጣ የያዘው ቅያሪ ልብስ፣ የትምህርት ማስረጃና አንድ የስንብት ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ጠባዩን ያመሰግናል። ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ «ዋስ አምጣ» ተባለ። ዋስ የሚሆነው ደመወዝተኛ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ቢኖረው መች ማሳደጊያ ይገባ ነበር? ቤት ሊከራይ ሲሄድ አከራይዋ መታወቂያ ጠየቁት። በእሳቸው አልፈርድም፤ ማንነቱን የማያውቁትን ሰው ግቢያቸው እንዴት ያስገቡ? መታወቂያ ሊያወጣ ወረዳ ሲሄድ ደግሞ መሸኛ፣ መሸኛ ከሌለው በስሙ የሚያስመዘግበው የቤት ባለቤት እንዲያመጣ ተነገረው። ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ የያዛት ገንዘብ አለቀች። አውቶብስ ተራ አካባቢ የቀን አልጋ ያዘ፤ የአልጋው ሲያቅተው በረንዳ ወጣ። ሱስ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብርዱን ለመርሳት።

መንግሥት ከዚህ ልጅ ጋር የሚገናኘው በረንዳው ላይ ነው። ትልቅ ስብሰባ ሲቃረብ በአፈሳ ይነሳል፣ ማቆያ ይገባል፣ ይለቀቃል። ያለ መታወቂያና ያለ ዋስ የተለቀቀ ሰው ወደዚያው በረንዳ ካልተመለሰ የት ይሄዳል? ለአፈሳውና ለማቆያው የሚወጣው ገንዘብና ጉልበት ከስንብቱ በፊት ቢውል፣ ልጁ እዚያ ባልደረሰ ነበር።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አሳሳቢ ነው። የውጭ ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070 በ2010 ዓ.ም. ተከልክሏል። ክልከላውን እደግፋለሁ፤ ልጆቻችንን እዚሁ እናሳድጋለን ማለት ግን እስከ መጨረሻው ማሳደግ ነው። ያኔ በማሳደጊያ የነበረ የ10 ዓመት ልጅ በ2018 ዓ.ም. 18 ይሞላዋል።

መፍትሔው በአብዛኛው ከቢሮ አሠራር የሚጀምር ነው። ማሳደጊያው ያለበት ወረዳ ልጁን እንደ ነዋሪ መዝግቦ፣ ሳይወጣ መታወቂያውን በእጁ ይስጠው። ልደቱ ያልተመዘገበ ካለም ያኔውኑ ይመዝገብ። የፋይዳ ቁጥር ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን ስለማያረጋግጥ የወረዳውን መታወቂያ አይተካም። ከሁሉ የሚከብደኝ የዋስ ነገር ነው። ወላጅ ለሌለው ወጣት የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ወይም ያሳደገው ተቋም ዋስ ሆኖ መቆም አለበት፤ ቀጣሪዎችም ያንን ዋስትና እንዲቀበሉ ሕግ ያስገድዳቸው።

ስንብቱም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሊሆን አይገባም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ፣ በመንግሥት እጅ ያደገ ልጅ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ የመውጫ ዕቅድ ይዘጋጅለታል፤ ቢያንስ 21 እስኪሞላው የሚከታተለው አማካሪም ይመደብለታል። የእኛ አቅም የእነሱን አይስተካከልም። ቢሆንም በየወረዳው ያሉት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ከማሳደጊያ የወጡትን ልጆች ስምና ስልክ መዝግበው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየወሩ እየደወሉ «የት ነው የምታድረው?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሊሠራ የሚችል ነው።