ማረሻ ያወጣው ሳንቲም

ዛሬ የምንጫወተው ስለ አሮጌ ገንዘብ ነው። አሮጌ ስንል ከአያት የተወረሰው ጠገራ ብርም አለ፤ ማረሻ ከማሳ ያወጣው አረንጓዴ ሳንቲምም አለ። አንዱ ሰው በጨርቅ ቋጥሮ ከሣጥን ሥር ይከተዋል። አንዱ ይበሳውና በክር ከልጅ አንገት ያስረዋል። አንዱ ደሞ እንግዳ እንዲያየው ብሎ ግድግዳ ላይ በሚስማር ይመታዋል።

ማሳየቱ ነውር የለውም። ሰው ያገኘውን ቢያሳይ ደስ ይለዋል። ግን እንዴት እናሳየው? እኛ ይህን የተማርነው አጥፍተን ነው።

ከዓመታት በፊት ለሥራ ሄደን አክሱም አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት አደርን። አባወራው ሽማግሌ ናቸው። እንደ አገሩ ልማድ «አቦይ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። እራት ተበልቶ ሲያበቃ ከሣጥን ውስጥ አንድ ቋጠሮ አወጡና ፊታችን ፈቱት። ሁለት ትንንሽ ሳንቲሞች ነበሩ። ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጡም። ሁለቱም አረንጓዴ ለብሰዋል።

«ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። እስቲ ይኼ ምን ይላል?» አሉን።

እኛም ተምረናል አይደል? ጽሑፉ ይታይ ብለን አንዱን ሳንቲም በሎሚና በአመድ እናሸው ጀመር። አቦይ «ኧረ ቀስ በሉ» አሉ። አልሰማናቸውም። አረንጓዴው ለቀቀ። መሐል ላይ አንዲት የወርቅ ነጥብ ብልጭ አለች። ደስ አለንና ይበልጥ አሸነው። ወርቋም ተነሥታ ከአመዱ ጋር ሄደች። በእጃችን የቀረው ልሙጥ ነሐስ ነው። ፊደል የለው፣ የንጉሥ መልክ የለው።

ያቺ ወርቅ ምን እንደ ነበረች የተረዳነው በኋላ ነው። የአክሱም ነገሥታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ270 ገደማ እስከ 600ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በየስማቸው ገንዘብ ያሠሩ ነበር። መጀመሪያ ያሠሩት ንጉሥ እንዱቢስ ይባላሉ። ገንዘቡ ሦስት ዓይነት ነው፤ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ። ከብሩና ከነሐሱ አንዳንዱን በስስ ወርቅ ያስጌጡታል። ወርቁ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ይለጠፋል። ከወረቀት የሳሳ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ቆይቶ ያልለቀቀውን እኛ በአንድ ምሽት አስለቀቅነው።

እነዚህ ሳንቲሞች ትንሽ ይሁኑ እንጂ ብዙ ይናገራሉ። የንጉሥ ኢዛና የመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ጨረቃና ክብ ይታያል። ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ የተሠራው ላይ መስቀል አለ። መጀመሪያ የሚጻፍባቸው በግሪክ ቋንቋ ነበር። በኋላ በግዕዝ ፊደል የተጻፈባቸውም መጡ። በነሐሱ ገንዘብ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው አሉ። ሕዝቡ በየገበያው የሚይዘው እሱን ነበርና።

ሌላ ጥፋት ደሞ ነበር፤ ይኼኛው የእኛ አይደለም። አቦይን «ሳንቲሞቹ ከየት መጡ?» ብለን ጠየቅናቸው። አንዱን ራሳቸው ሲያርሱ ከሾላው አጠገብ አገኙት። ሌላውን ወንድማቸው ከወንዝ ማዶ አምጥቶ ሰጣቸው። የትኛው የትኛው ነው? አገላበጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንጃ ልጆቼ፤ በአንድ ጨርቅ ሲኖሩ ተቀላቀሉብኝ» አሉ።

ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ችግሩ ይኼ ነው። ሾላው አጠገብ የድሮ ግንብ ፍራሽ አለ። ሳንቲሙ ከዚያ መውጣቱ ቢታወቅ፣ ቤቱ በየትኛው ንጉሥ ዘመን ሰው እንደ ነበረበት ለማወቅ ይረዳ ነበር። ቦታው ሲጠፋ ሳንቲሙ ዲዳ ሆነ።

እንግዲህ ሁለቱን ዓይነት ለይተን እንነጋገር። መጀመሪያ ከመሬት የወጣውን። ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ነገር የግል ጌጥ አይደለም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ሳያስበው ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይጎዳ እንዲጠብቀው ደንግጓል። ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው፣ ወጪ ካወጣም እንዲተካለት ይላል። ለማስታወቅ ወደ ወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው። ስታስረክቡ ደረሰኝ ተቀበሉ። አሁን ማንበብ ችላችኋልና ሳታነቡት አትፈርሙ።

ቅርስ ልፈልግ ብሎ ያለ ፈቃድ መቆፈር ግን በዚሁ አዋጅ ተከልክሏል። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዘው ማሳ ለማሳ ይዞራሉ። ከመሬት በታች ብረት ሲኖር መሣሪያው ይጮኻል። ያገኙትን ክዳኑ መስታወት በሆነ ዝርግ ሣጥን አሰልፈው ቤታቸው ያሳያሉ። እነሱም ቢሆኑ ሕግ አለባቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ውድ ቅርስ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። የእኛ ጠቋሚ ማረሻ ነው። ፈልጉ ሳይባል ያወጣል።

እስክታስረክቡ ድረስ ነገሩ ቤታችሁ መቆየቱ አይቀርም። አትጠቡት። አትፈትጉት። አፈሩ ራሱ ይቆይበት። ስትይዙት ዳርና ዳሩን ያዙ፤ የእጅ ላብ ጨው አለው። አረንጓዴው ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴ የሳንቲሙ ቆዳ ነው፤ ይጠብቀዋል። ነጣ ብሎ እንደ ዱቄት የሚረግፈው ግን በሽታ ነው። ጨውና እርጥበት ሲገናኙ ይመጣል፤ ውሎ አድሮ ሳንቲሙን ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት። በላስቲክ ከረጢት ቋጥራችሁ አትተዉት፤ ያልበዋል። ጨው፣ በርበሬና ጭስ ካለበት አርቁት።

አሁን ወደ ወረስነው ገንዘብ እንምጣ። ቤት ውስጥ አምሮ ሊቀመጥ የሚገባው ይኼኛው ነው። ጠገራ ብር ያላችሁ አውጡና ዙሪያውን አንብቡ። በአንዱ ፊት የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ አሉ። በሌላው ፊት፣ ከጽሑፉ መጨረሻ፣ 1780 የሚል ቁጥር አለ። ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራውም ሁሉ ይኼንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ 1780 ስላለ ብቻ «ብሬ ከ200 ዓመት በላይ አለው» ብላችሁ ከጎረቤት አትከራከሩ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። የምኒልክ ብር ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ በራሳችሁ ፊደል ታነቡታላችሁ። «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። በጀርባው ባንዲራ የያዘ አንበሳ አለ። ፲፰፻፹፯ የሚል ካለበት 1887 ዓ.ም ማለት ነው። ፓሪስ ከተማ ነው የተሠራው።

እንዴት እናስቀምጠው? ዝርግ የካርቶን ወይም በደንብ የደረቀ የእንጨት ሣጥን ፈልጉ። ውስጡን በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ አልብሱ። ከአቡጀዲው ሥር ጥጥ ጎዝጉዙ። ከዚያ ሳንቲሙ የሚያርፍበትን ቦታ በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ ጎድጎድ ይልና ሳንቲሙን ይይዘዋል። ሙጫ አያስፈልግም፣ ሚስማር አያስፈልግም። ለአንዱ ሳንቲም አንድ ጉድጓድ ይኑረው፤ እርስ በርስ አይፋጩ። የሱፍ ጨርቅ አትጠቀሙ። የላስቲክ ማሰሪያም ብርን ያጠቁረዋል። ከላይ መስታወት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ክዳኑ ይበቃል። ብሩ ከጠቆረ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አበስ ማድረግ ነው። አመድ ግን የንግሥቲቱን አፍንጫ ይልጠዋል። አንጥረኛ ቀለበት የበየደበት ጠገራ ካላችሁ ቀለበቱን አታስነቅሉ። አያታችሁ በአንገታቸው አድርገውት እንደ ነበር የሚመሰክረው እሱ ነው። አዲስ ቀዳዳ ግን አትብሱ።

ሣጥን ውስጥ የሚታየው የሳንቲሙ አንድ ፊት ብቻ ነው። ሌላውን ፊት ለማሳየት ዘዴ አለ። ቀጭን ወረቀት ጠገራው ላይ አንጥፉ። እርሳሱን አጋድማችሁ ቀስ እያላችሁ አስኪዱት። ንስሩ ከነክንፉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ብሩ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። ሌባም ቢመጣ የሚያገኘው ወረቀት ነው። ማሳ ያወጣውን ስስ ሳንቲም ግን እንዲህ አታድርጉት፤ ይሰበራል። ስልክ ያለው ልጅ ካለ ፎቶ ያንሣው።

አንድ ብርቱ ነገር ሳንናገር አንለፍ። መሬት የሚያወጣው ብረት ሁሉ ቤት አይገባም። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በነበረው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያልፈነዳ ቦምብና ፈንጂ በየቦታው ቀርቷል። ከዚያ በፊት ከነበሩት ጦርነቶችም የተረፈ አለ። የመድፍ ቀለህ አጽድቶ አበባ የሚሰካበት፣ እንደ ደወል የሚመታው ሰው አይተናል። ባዶ ይሁን ሙሉ በዓይን አይታወቅም። ዝገቱም ሞቷል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ አትንኩ፤ ድንጋይም አትወርውሩበት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ልጆችንና ከብቱን አርቁ። ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ።

የቀረን ወረቀቱ ነው። በእያንዳንዱ ሳንቲም ሥር ትንሽ ወረቀት ይኑር። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ እርሳስ እርጥበት ሲነካው እንደ እስክሪብቶ አይፈስም። ምን ይጻፍ? እንዲህ ይበቃል፦

«ከቤታችን በስተ ምሥራቅ ካለው ማሳ። ከሾላው 40 እርምጃ ወደ ወንዙ። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር። ሰኔ 12 ቀን ሲታረስ። አብሮት ገልና ከሰል ነበረ።»

ዓመተ ምሕረቱንና ያገኘውን ሰው ስም ጨምሩ። ለወረሳችሁት ጠገራም ከማን እንደ ደረሳችሁ ጻፉ። ከአያት ነው? ከጥሎሽ ነው? በሬ ተሽጦበት ነው?

አቦይ ዘንድ ባለፈው ዓመት እንደገና ሄድን። ሁለቱን ሳንቲሞች አስረክበዋል። ደረሰኙን በመስታወት አስገብተው ከመደቡ በላይ ሰቅለውታል። አጠገቡ የሳንቲሞቹ ፎቶ አለ። ከፎቶው በታች በራሳቸው እጅ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈዋል። ዘንድሮ ነው መጻፍ የጀመርኩት አሉን። እንዲህ ይላል፦ «አንዱ ከእኔ ማሳ ነው። አንዱ ከወንዝ ማዶ ነው። የትኛው እንደ ሆነ አላውቅም። የተላጠውን እንግዶች ናቸው ያሹት።»