የቱቲ ደሴትና የዓባይ ሙላት

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት በካርቱም የቱቲ ደሴት ትገኛለች። የከተማው ሕዝብ ከበረሓው ሐሩር ለማረፍ በአትክልቷ ጥላና በወንዟ ዳር መመላለስን እጅግ ይወዳል። ይህችን ያማረች ስፍራ ግን የክረምት ሙላት በየጊዜው ይፈታተናታል። በ1938 እና በ1980 ዓ.ም. የደረሰው ሳይረሳ፥ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር በላይ ከፍ ስላለ የሱዳን መንግሥት የ3 ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ።

የደሴቲቱ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ አይደሉም። «ታያ» በሚባለው የቆየ ልማዳቸው በወንዙ ዳር እየተፈራረቁ ውሃውን ሲጠብቁ፥ ዳርቻው ሲሸረሸርም ሕዝቡን ጠርተው አፈር በሞላ ጆንያ ሲደፍኑ ኖረዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ግን ብዙዎቹን ከቀያቸው አፈናቀለ። ዘበኛ ያጣ ዳርቻ ደግሞ ለሙላት የተከፈተ በር ነው።

ሙላቱም፥ አትክልቱን የሚያለመልመው ደለልም የሚወርዱት ከኢትዮጵያ ደጋ ነውና «የሩቅ ሰው መከራ ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሙላቱን ለማለዘብ ይችላል፤ ነገር ግን የሚለቀቀው ውሃ ልክ ለታችኛው አገር አስቀድሞ ካልተነገረ ጥቅሙ ይጎድላል። ቁጥሩን በየዕለቱ መላክ ወጪው ጥቂት፥ በረከቱ ብዙ ነው። የቱቲ ዘበኛ ወደ ዳርቻው ተመልሶ ሌሊቱን ሲያነጋ፥ በወንዙ ራስጌም የነቃ ጎረቤት ይኑረው።